ለሰይዶ፣ ስለ መቻል

ሰይዶ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩህ። ይቅር በለኝ። «ማታ እደውላለሁ» እያልኩ ነው ጊዜው የሄደው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ቁጣህ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ብቻ እንደሆነም አውቃለሁ።

ሰብልዬ ታማብናለች።

ከዓመት በላይ ቀኝ ጎኗን ያማት ነበር። እኛ ጨጓራ ነው እያልን ከረምን። ባለፈው ወር ደሴ ወስጃት አልትራሳውንድ ስትነሳ፣ ጉበቷ ላይ ብርቱካን የሚያህል ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተገኘ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝን ታውቃለህ? «ቤታችሁ ውሻ ነበር?» አለኝ። ውሻችን መቻል ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ትል ነው። የኮሶ ዘመድ ነው፣ ግን ኮሶ አይደለም። ኮሶ ከጥሬ ሥጋ ነው የሚመጣው፤ ሰብልዬ ደግሞ ጥሬ ሥጋ እንደማትቀምስ ታውቃታለህ። ይሄኛው ውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ቢረዝም 7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ትል ነው። ውሻውን ምንም አይለውም። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ሣሩ ላይ፣ ጓሮው ላይ፣ ጸጉሩ ላይ ይቀራል። በግ ከሣሩ ጋር ትበላዋለች። ሰው በእጁ ወደ አፉ ያስገባዋል። ከዚያ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ እየቋጠረ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል። ሰብልዬን ገና በልጅነቷ ይዟት ሊሆን ይችላል አሉ።

ውሻው በበኩሉ ትሉን የሚያገኘው ያንን ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ሲበላ ነው። ማን ነበር የሚያበላው ሰይዶ? የእናንተን ሥጋ እኛ አንበላ፣ የእኛን እናንተ አትበሉ፤ መቻል ግን የፋሲካውንም የአረፋውንም ሆድ ዕቃ ይበላ ነበር። አባቴ «ይሄ አይሆንም» ብሎ የጣለውን ሳንባ ተሻምተን የምንሰጠው እኔና አንተ ነበርን። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እናትህ «ውሻ ነክታችሁ ሳትታጠቡ እንጀራ እንዳትነኩ!» ሲሉን እየሳቅን እንሮጥ ነበር። ልክ እሳቸው ነበሩ።

አሁን አልቤንዳዞል የሚባል የትል መድኃኒት ጀምራለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀዶ ጥገና አላት። ከረጢቱ ውስጧ ከፈነዳ ሰውነቷን ክፉኛ ሊያስቆጣው፣ ሌላ ቦታም ሊዘራ ይችላል ስላሉን ባልዲ እንኳ አላስነሳትም። ወጌሻ ይሻት የሚሉ ዘመዶች አሉ። በፍጹም ብያለሁ። አንተ ብትኖር ታግዘኝ ነበር።

እንዴት እንደምልህ አላውቅም... አንተም ታየው። ልጆቹም ይታዩ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ አብሽር። ግን አንተም ከዚያው ጓሮ ነው ያደግከው።

ደግሞ ለአረፋ ማረድህ አይቀርም። ሆድ ዕቃው ውሃ ቢቋጥርም ባይቋጥርም ለውሻ እንዳትሰጥ። አቃጥለው፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው አጥልቀህ ቅበረው። ጎረቤቶችህም እንዲሁ ያድርጉ፤ ውሻ የአጥር ወሰን አያውቅም። ውሻህን እንስሳት ክሊኒክ ወስደህ ፕራዚኳንቴል አስጠው፤ አንዴ ሰጥቼዋለሁ ብለህ አትተው፣ በየጊዜው ነው። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል፣ ከዋጠ በኋላ ሁለት ቀን አስረኸው ዓይነ ምድሩን ሰብስበህ ቅበር። በጎችህን አዙሪት ፈጀብህ ሲሉም ሰምቻለሁ። እሱም ከውሻ የሚመጣ ሌላ ትል ነው፤ ውሻውን የሚይዘው የታመመችውን በግ ጭንቅላት ሲበላ ነው። ጭንቅላቱንም አትጣልለት።

አይስላንድ የምትባል የበግ አገር ከእኛ የባሰ ነበረች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሕዝቡን ይሄንኑ ማስተማር ጀመረች፣ በኋላም ውሾቿን መድኃኒት አስዋጠች፤ ዛሬ በሽታው ጠፍቶላታል። ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ትንሽ ተንፍሻለሁ።

ሐሙስ ደሴ ነኝ፣ ናልኝ። ልጆቹንም ይዘህ ና። አልትራሳውንዱን እኔ እከፍላለሁ፤ እንዳትከራከረኝ። ሰብልዬም «ሰይዶ ይመጣል?» እያለች ነው።

ጌታቸው