የሒሳብ ክበብ፦ 6 በሁለት መንገድ ሲተነተን

ሀዋሳ ውስጥ የተማረ ልጅ ሁሉ 60ን በብቸኛ ቁጥሮች ተንትን ሲባል 2×2×3×5 ብሎ ይጨርሳል። በየትኛውም በኩል ቢጀምር እዚያው የሚደርሰው ለምንድን ነው? ጥያቄውን ያመጣችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን የክበባችን ዓመት ያለፈው በእሱ ላይ ነው። እኔም ደስ ብሎኛል፤ በቃል የተያዘን ነገር “ለምን?” ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ለክበብ ሀብት ነውና።

የጀመርነው ከግቢያችን ቧንቧ ነው። ባለ 3 ሊትሩን ጀሪካን ሁለት ጊዜ ሞልተን ወደ ባለ 5 ሊትሩ ስንገለብጥ፣ ባለ 5ቱ ጢም ሲል ባለ 3ቱ ውስጥ 1 ሊትር ይቀራል። 1 ከተገኘ የፈለጉት ይገኛል። የ12ንና የ18ን ብዜቶች ግን ብንደምርም ብንቀንስም ከ6 ብዜት አንወጣም፤ 6 ደግሞ ትልቁ የጋራ አካፋያቸው ነው። እንዲህ አባላቱን ብንደምር፣ ብንቀንስ ወይም በማንኛውም ድፍን ቁጥር ብናባዛ የማንወጣበት ስብስብ አይዲያል ይባላል። በድፍን ቁጥሮች ዘንድ አይዲያል ሁሉ የአንድ ቁጥር ብዜቶች ስብስብ ነው፤ ትንተናው አንድ ብቻ የሚሆነውም ከዚህ የተነሳ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የ12ኛ ክፍሎቹ ለፈተና ዝግጅት ሲሄዱ ቁጥራችን ሳሳ። የዓመቱ ምርጥ ሥራ ግን የተሠራው ያኔ ነው። ሀ እና ለ ድፍን ሆነው ሀ+ለ√−5 የሚል መልክ ያላቸውን ቁጥሮች ወሰድን። እዚያ 6 ማለት 2×3 ነው፤ (1+√−5)×(1−√−5)ም ነው። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ አራቱም ከዚያ በላይ እንደማይተነተኑ አረጋገጠ። ለየአንዳንዳቸው ሀ²+5ለ²ን አሰላና 4፣ 9፣ 6 እና 6 አገኘ። ቁጥሮች ሲባዙ ይህም መጠን አብሮ ይባዛል፤ ስለዚህ አንዳቸው እንዲተነተኑ መጠኑ 2 ወይም 3 የሆነ ቁጥር መኖር አለበት። ለ ዜሮ ካልሆነ መጠኑ ከ5 አያንስም፤ ዜሮ ከሆነም 2ም 3ም የድፍን ቁጥር ካሬ አይደሉም። አለቀ!

ለዚህ ዓይነቱ ችግር የሒሳብ ሊቁ ኤርንስት ኩመር “ሐሳባዊ ቁጥሮችን” አመጣ፤ ሪቻርድ ዴዴኪንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1871 በአይዲያል ተካቸው። 2 እና 1+√−5 አብረው የሚያመነጩት አይዲያል የአንድ ቁጥር ብዜቶች ብቻ ሊሆን አይችልም። አይዲያሎቹ ራሳቸው ግን በአንድ መንገድ ብቻ ይተነተናሉ።

ለመጪው ዓመት ከ(1+√−19)/2 የሚገነቡትን ቁጥሮች ይዘናል። እዚያ አይዲያል ሁሉ ከአንድ ቁጥር ይመነጫል፤ የለመድነው በቀሪ የማካፈል ስልት ግን አይሠራም። ማረጋገጫው ለሁለተኛ ደረጃ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ሁለት ተማሪዎች ከወዲሁ ጀምረውታል።