ወለምታ እብጠቱ ሲጎድል አያበቃም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በስፖርት ገጻችሁ ስብራትና የጉልበት ቀዶ ሕክምና ሰፊ ቦታ ሲያገኙ፣ ወለምታ ግን «ለሁለት ሳምንት ከሜዳ ይርቃል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሲታለፍ አያለሁ። እኔ ከወለምታ ጋር ስታገል አሥረኛ ወር ስለያዝኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር ቢሆንም ለብዙ ዓመታት የኖርኩት ኖርዌይ ነው፤ በዚያም እግር ላይ በሚታሰሩ ረጃጅምና ቀጫጭን መንሸራተቻዎች በረዶ ላይ የሚኬድበትን አገር አቋራጭ ስኪ ተምሬ በየክረምቱ እንሸራተታለሁ። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ አገራችንን የወከለው በዚሁ ስፖርት ነው። ባለፈው የካቲት ቁልቁለት ስወርድ ግራ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈና ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለ። የቁልቁለት ስኪ ጫማ ቁርጭምጭሚትን ጠፍንጎ ሲይዝ፣ የእኛ ጫማ ግን ቀላልና ተረከዙ ከስኪው የሚነሣ በመሆኑ እግርን እንደዚያ አይደግፍም። ራጅ ተነሥቼ አጥንቴ አለመሰበሩ ተነገረኝና የሕመም ማስታገሻ ይዤ ወጣሁ፤ እብጠቱ ሲጎድል የዳንኩ መስሎኝ በአራተኛው ሳምንት ወደ በረዶው ተመለስኩ።

መስከረም ላይ ጎንደር ስገባ፣ ከፒያሳ ቁልቁል በሚወርደው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ያው እግር ሁለት ጊዜ ከዳኝ። እናቴ አዝነው ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ፤ እግሬ በቅቤ ታሽቶና ተስቦ በማግሥቱ እንደገና አበጠ። የወጌሻን ጥበብ አልንቅም፤ ነገር ግን የእኔ እግር የጎደለው መታሸት አልነበረም።

ይህን ያስረዳችኝ እዚሁ ከተማችን ያገኘኋት ፊዚዮቴራፒስት (በአካል እንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ) ናት። በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ሲጎዱ፣ መገጣጠሚያው በምን አኳኋን እንዳለ ለአንጎል የሚያደርሰው ስሜትም አብሮ ይደክማል፤ ስለዚህ እግር ጠጠር ሲረግጥ ጡንቻው ዘግይቶ ይደርሳል። ዓይኔን ጨፍኜ በአንድ እግር እንድቆም ስታዝዘኝ በቀኙ ተረጋግቼ ቆምኩ፤ በግራው ግን አምስት ሳልቆጥር ግድግዳውን ያዝኩ። ጉልበቴን ወደ ግድግዳው ሳስጠጋም የግራው ተረከዝ ፈጥኖ ከወለሉ ይነሣ ነበር፤ በስኪ ላይ ቁርጭምጭሚትን ወደፊት ማጠፍ የአቋም መሠረት ስለሆነ፣ ሚዛን ለምን እንዳጣሁ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጥርሴን ስፋቅ በግራ እግሬ እቆማለሁ፤ በደረጃ ጠርዝ ላይም ተረከዜን ቀስ ብዬ አነሣለሁ፣ አወርዳለሁ። አሁን ያንኑ የፒያሳ ቁልቁለት ሳልፈራ እወርዳለሁ።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን እያሠለጠነ፣ በየሜዳው የሚሮጡ ልጆቻችንና የሰሜን ተራሮችን ከቱሪስት ጋር የሚወጡ አስጎብኚዎቻችን በአንድ ወለምታ ዓመት ሙሉ ማነከሳቸው ያሳዝነኛል። ስለዚህ የጤና ገጻችሁ ባለሙያዎችን ጠይቆ ስለዚህ ልምምድ እንዲጽፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከጉዳቱ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ የሚያመው ሰው ከመታሸቱ በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ራጅ እንዲነሣም አብራችሁ ብትጽፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር