ለልጆቹ የጂኦካሺንግ ካርታ ለምታትሙ ወላጆች

ሰላም ወላጆች፣ በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ልጆቹ የተደበቁ ሣጥኖችን በስልክ ጂፒኤስ ለሚፈልጉበት ጨዋታ ካርታውን የምታትሙልን ይህችን አስተውሉ።

ልኬቱ 1፡2500 ነው፤ ወረቀት ላይ 1 ሳንቲሜትር፣ መሬት ላይ 25 ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ስታትሙ 100% የሚለውን ምረጡ። ፕሪንተሩ ከገጹ ጋር ላስተካክል ብሎ ካጠበበው ልጆቹ በማስመሪያ የለኩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከታተመ በኋላ ከግርጌ ያለውን የ100 ሜትር መስመር ለኩት፤ 4 ሳንቲሜትር ካልሆነ እንደገና አትሙ። የሌዘር ፕሪንተር ይመረጣል፤ የኢንክጄት ቀለም የውሃ ጠብታ ሲነካው ይፈሳል። ጥቁርና ነጭ ይበቃል። የካርታው መነሻ ከኦፕንስትሪትማፕ (ነጻ የኢንተርኔት ካርታ) ስለሆነ የምንጩን ስም አትቁረጡ።

ሣጥኖቹ ያሉበትን በነጥብ ሳይሆን በክብ ነው ያመለከትነው። የስልክ ጂፒኤስ ዛፍ ሥር ሜትሮች ስለሚስት፣ ነጥብ ብናደርግ ልጆቹ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ይንከራተታሉ። ትንንሾቹ ሰሜንን ስለማይለዩ (ከእኛም የሚለየው ጥቂት ነው!) መግቢያውን በር በትልቁ ሥለናል።

ለየቡድኑ ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ መቀደዱ አይቀርም። መልሱ ያለበት ካርታ ግን በአስተባባሪዎች እጅ ብቻ ይቆይ።