የሚጥል በሽታ ምርመራ ከቤት ይጀምራል

ለአዘጋጁ፦

በወጣትነት በድንገት ስለሚጀምር የሚጥል በሽታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። የአንጎልን ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይና የአንጎልን ሞገድ የሚመዘግበው ኢኢጂ በየክልሉ ይስፋፋ ማለታችሁ ልክ ነው። ግን መሣሪያ ብቻውን መልስ አይሰጥም።

ኢኢጂ የሚያየው በምርመራው ሰዓት ያለውን የአንጎል ሞገድ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ደህና ሆኖም በሽታው ሊኖር ይችላል። የእህቴ ልጅ “ምንም የለብሽም” ተብላ ተመልሳ ነበር። ሐኪም ነገሩን የደረሰበት ወንድሟ በስልኩ በቀረፀው ቪዲዮ ነው፦ መጀመሪያ ቀኝ እጇ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ፊቷ ወደ ጎን ይዞራል። ይህ በሽታው ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚነሳ ይጠቁማል። እኛ ግን ያን ሰዓት ክብሪት ፍለጋ ነው የምንሯሯጠው። ጭሱ ደግሞ ምንም አይፈይድም።

መድኃኒቱም አለ። ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፤ ጠበል ሲጀመር ወይም ከመድኃኒት ቤት ሲጠፋ ግን በአንዴ ይቋረጣል። ያኔ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትልና ሊገድል ይችላል። ጠበሉን ይጠመቁ፣ ኪኒኑንም ይዋጡ።

ጤና ጣቢያዎች ለታማሚ ቤተሰብ አንድ ገጽ መመሪያ ይስጡ፦ በጎን አስተኙ፣ አፍ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ አንዳችሁ ቅረፁ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ውሰዱ። ጋዜጣችሁም ቢያትመው ጥሩ ነው።

አንድ አንባቢ፣ አዲስ አበባ