ስለ ቦቢ ዳሌ፣ ለልጄ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? ሌሊት በቴሌግራም የጻፍከውን ጠዋት ነው ያየሁት። በስልክ ስናወራ መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንተም ሆድ ይብስሃል፣ እኔም ልል የነበረው ይጠፋብኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ውሻችን ቦቢ ደህና ነው። ይበላል፣ ጅራቱን ይቆላል፣ የጎረቤት ድመት አጥር ላይ ስትወጣ ይጮኽባታል። ቀኝ የኋላ እግሩን ግን ገና በደንብ አይረግጥበትም።

የሆነውን እህትህ አጋንና ሳትነግርህ አልቀረችም። ቅዳሜ ሳሎኑ በሳሙና ታጥቦ ውሃው ገና አልተጠረገም ነበር። ደወል ሲደወል እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ ሮጠ፣ የኋላ እግሮቹ ሴራሚኩ ላይ ግራና ቀኝ ተከፈቱና በቀኝ ጎኑ ወደቀ። አንዴ ጮኸ። ከዚያ እግሩን ሰብስቦ ጥጉን ያዘ፣ ብንጠራውም እምቢ አለ። አክስትህ ወጌሻ እንጥራለት አለች። ጎረቤታችን ደግሞ ለራሷ ወገብ የምትወስደውን ዳይክሎፌናክ ይዛ ከች አለች። ሁለቱንም አመሰግናለሁ ብዬ ሸኘሁና ቦቢን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት።

ይህቺን ለጓደኞችህም ንገራቸው፣ ውሻ ያለው ሁሉ ይወቃት። ለሰው የሚሰጥ ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ በለው አይቡፕሮፌን፣ የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ፓራሲታሞልም ቢሆን በግምት የሚሰጥ ነገር አይደለም። ለውሻ ተብሎ የተሠራ ማስታገሻ አለ፣ ሐኪሙ መዝኖት በኪሎው ልክ ነው የሰጠው።

ሐኪሙ ቢሾፍቱ የተማረ ወጣት ነው፣ እጁ ረጋ ያለ። መጀመሪያ ጉልበቱን ይዞ ወደፊት ወደኋላ ገፋ ገፋ እያደረገ ጅማቱ ተበጥሶ እንደሆነ አየ። አልተበጠሰም። ከዚያ በማደንዘዣ አስተኝቶ፣ በጀርባው አጋድሞ፣ ሁለቱንም እግሮቹን ዘርግቶ ራጅ አነሳው። ስብራት የለም። ውልቃትም የለም። የተጎዳው ጡንቻው ነው፣ ካረፈ ይድናል አለኝ። እፎይ ብዬ ቦርሳዬን ሳነሳ ግን «ይቆዩ እናቴ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» አለ።

የጭኑ አጥንት ራስ፣ ያ ክብ የሆነው፣ ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደሚገባው ዳሌው ውስጥ ጥልቅ ብሎ መቀመጥ ነበረበት። የቦቢ ሙቀጫ ጥልቀት የለውም። ክቡ አጥንት ግማሹ ውጭ ነው ያለው፣ እኔ እንኳን በዓይኔ ለየሁት። «ስለወደቀ ነው?» አልኩት። ጣቱን ወደ ሌላኛው ጎን ወሰደ። ያልወደቀበት የግራው ዳሌም ያው ነው! መውደቁ የነበረውን አሳየን እንጂ እሱ አላመጣውም።

ሂፕ ዲስፕላዢያ ይሉታል። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ባሉ ትልልቅ ዝርያዎች ላይ ይበዛል። ቡችላው ሲወለድ ዳሌው ደህና ነው የሚመስለው፣ ሲያድግ ነው መገጣጠሚያው እየላላ የሚሄደው፣ ከዚያ አጥንት ካጥንት እየተፋተገ ውሎ አድሮ የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። በዘር ይተላለፋል፣ ግን የአንድ ዘረመል ጉዳይ አይደለም፣ ብዙ ናቸው። እናትና አባቱ ምንም ሳያነክሱ ልጃቸው ሊያነክስ ይችላል። አመጋገብና ክብደትም ያባብሱታል። ሐኪሙ ታዲያ «በዘር ነው» ብሎ አልፈረደም፣ ይመስላል ነው ያለው። ገና ዘጠኝ ወሩ ነው፣ አጥንቱ አድጎ አልጨረሰም። አሜሪካኖቹ እንኳን የመጨረሻውን የዳሌ ምስክር ወረቀት የሚሰጡት ውሻው 2 ዓመት ሲሞላው ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። «ኳስ እያዘለልኩ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብለሃል። ተው እንጂ ልጄ! ጥልቀት የሌለው ሙቀጫ በኳስ አይመጣም። ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ እያነሳ ሲሮጥ ቪዲዮ ቀርጸህ የሳቅንበት ትዝ ይልሃል? ያ አንዱ ምልክት ነው አለኝ ሐኪሙ። ማን ያውቃል ብለህ ነው፣ እኛ ጨዋታ መስሎን ነበር። ከዚህ በኋላ ግን መዝለል የለም፣ ደረጃ ላይ ሩጫም የለም። ቀስ ያለ የእግር ጉዞ ግን ያስፈልገዋል፣ ዳሌውን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻው ነውና።

ትልቁ መድኃኒት ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አለመወፈር። አሜሪካ ውስጥ 48 ላብራዶር ውሾችን ከቡችላነታቸው እስከ ሞታቸው ተከታትለው ነበር። ግማሾቹ ከአቻዎቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ እየበሉ አደጉ። እነሱ ወደ 2 ዓመት ገደማ በልጠው ኖሩ፣ የዳሌ ሕመሙም ዘግይቶ ነው የመጣባቸው። እኛ ቤት ደግሞ ታውቀዋለህ፣ አንዱ እንጀራ ይወረውራል፣ ዘበኛው አጥንት ያቀብላል፣ ጎረቤት «ትልቅ ዝርያ ነው፣ ካልሲየም ጨምሩለት» ይላል። ለሚያድግ ትልቅ ውሻ ትርፍ ካልሲየም አጥንቱን ያበላሻል እንጂ አይጠቅመውም። አሁን ሳህኑን የምሞላው እኔ ብቻ ነኝ። ጎኑን ዳሰስ ሳደርገው ሳልጫነው የጎድን አጥንቱ ካልተሰማኝ እቀንሳለሁ። ደግነቱ ሁዳዴ ነው፣ ቤት ውስጥ አጥንት የሚባል ነገር የለም።

ሻጩን እንክሰሰው ላልከው፣ ደወልኩለት። ሌሎቹ ቡችሎች ደህና ናቸው አለ። የአባትየውን ራጅ አይተሃል ወይ ስለው ሳቀ። ጀርመን አገር እኮ የጀርመን ሼፐርድ ማኅበር ዳሌው በራጅ ሳይታይ ውሻ እንዲራባ አይፈቅድም። ገንዘብ መልስ አላልኩትም፣ የቦቢን እናትና አባት ድጋሚ አታገናኛቸው ነው ያልኩት። ዝም አለ። የሚሰማኝ አይመስለኝም፣ ግን ነግሬዋለሁ።

በእኛ እጅ ያለውን ግን እኛ እንወስናለን። ያ የሠፈራችን ሰውዬ ለሴቷ ውሻው ቦቢን ስጡኝ እያለ ሲለምንህ ነበር፣ አንተም ቃል ሳትገባለት አትቀርም። አይሆንም። መልኩ ያማረ ነው፣ ጠባዩም ወርቅ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ቡችላ አስቀርቶ ሌሎቹን ለየሰዉ መሸጥ፣ ከዓመት በኋላ የሌላ ሰው ልጅ ሌሊት እንዳንተ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ሲድን እናስኮላሸዋለን። ለሰውዬው አንተ ንገረው፣ ከኔ ይልቅ ያንተን ይሰማል።

«በመርፌ ለምን አታሳርፉትም» ያለኝም ሰው አለ። ስሙን አልነግርህም፣ ትጣላዋለህ። ዳሌው እንዲህ ሆኖ ክብደቱ ተጠብቆ ረጅም ዕድሜ የሚኖር ውሻ ብዙ ነው። ሕመሙ ከባሰ ቀዶ ሕክምናም አለ፣ ዋጋውን አላጠያየቅኩም፣ ሲደርስ እንነጋገራለን።

አባትህ መጀመሪያ ቀን «ለዘበኛ ውሻ ዘበኛ ልቀጥርለት ነው?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። አሁን ግን ሌሊት ለሽንት የሚያወጣው እሱ ነው። የኔን አሮጌ ነጠላ አጥፎ በሆዱ ሥር ያሳልፍና ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ ይዞ፣ የኋላውን ክብደት እየተሸከመለት፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ያወርደዋል። ቦቢም ይጠብቀዋል፣ ቀድሞ አይረግጥም። ሴራሚኩ ላይ ከበሩ እስከ ሳሎን ምንጣፍ አንጥፈናል፣ እንግዳ ሲመጣ ግራ ይገባዋል።

አሁን ፈተናህን ተፈተን። ለፋሲካ ስትመጣ በር ከመድረስህ በፊት ደውል፣ ሮጦ እንዳይቀበልህ አባትህ ይይዘዋል። የፍየሉን አጥንት በጠረጴዛ ሥር ለማቀበል እንዳታስብ፣ አይሃለሁ።

እናትህ