እናት ሳታውቅ ቀርታ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ነርስ ነኝ፣ ደሴ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚታዩበት ክፍል ነው የምሰራው። ስለ ህፃናት አመጋገብ በሬዲዮ ሲወራ እሰማለሁ፣ ጋዜጣ ላይ ሲፃፍ አነባለሁ፣ ስልጠናም ሲኖር እሄዳለሁ፣ እና የትም ብሄድ መጨረሻው አንድ ነው፣ ልጆቻችን የሚቀነጭሩት፣ ማለትም በምግብ እጥረት ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው የሚቀሩት፣ እናቶች ግንዛቤ ስለሌላቸው ነው ይባልና ተጨማሪ የግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጥ ተብሎ ይዘጋል። ይሄ ነገር በጣም ስለሚያመኝ ነው የምፅፍላችሁ።

እኔ ጋ የሚመጡት እናቶች ያውቃሉ። ጤና ኤክስቴንሽን ከተጀመረ ከ1995 ዓ.ም ወዲህ ቤት ለቤት ስንቴ ተነግሯቸዋል። ብትጠይቋት፣ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ውሃም አይሰጠው፣ ከዛ በኋላ ወፈር ያለ ገንፎ ከእንቁላል ከወተት ከአትክልት ጋር፣ ብላ ታወርድላችኋለች። ቀጥላችሁ ትናንት ልጁ ምን በላ በሏት። ጠዋት ቂጣ በሻይ፣ ከዛ ሽሮ በእንጀራ፣ ማታም ያው ሽሮው። ዶሮ የለሽም? አለኝ። ታዲያ እንቁላሉስ? ይሸጣል። አንዷ እናት «ሲስተር፣ እንቁላሉን ለሱ ካበላሁት ጨውና ሳሙናውን በምን ልግዛው» አለችኝ፣ ምን ብዬ ልመልስላት? እንቁላሉ እኮ የሷ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ዘይቱም የትልቁ ልጅ ደብተርም ከሱ ነው የሚወጣው፣ የጤና መድህን መዋጮ ሲደርስ እንኳን መጀመሪያ የምታየው ያችኑ ዶሮ ነው።

ቁጥሩን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የስነ ህዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉ ልጆች ውስጥ ለዕድሜያቸው የሚመጥን ዝቅተኛውን የምግብ ዓይነትና የምገባ ብዛት የሚያገኙት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ታዲያ ከመቶ 93ቱ እናት አላዋቂ ነች ልንል ነው? በዚሁ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፣ ከሶስት ዓመት በኋላ በ2019 ሲታይ 37 በመቶ። በ2000 እ.ኤ.አ. 58 በመቶ ስለነበር ምንም አልተሰራም አልልም፣ ብዙ ተሰርቷል፣ ብዙ ሰውም ለፍቷል፣ ግን ወደኋላ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው የሚመስለው።

ግንዛቤ ነው የሚሉት ሰዎች አንድ ማስረጃ ያመጣሉ። በ2016ቱ ጥናት ያልተማረች እናት ልጆች 42 በመቶ ሲቀነጭሩ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረች እናት ልጆች ግን 17 በመቶ ናቸው ይላሉ፣ እውነት ነው። ግን ያቺ የተማረችው እናት ማናት? አብዛኛውን ጊዜ ደሞዝ ያላት ነች፣ ቧንቧ ግቢዋ ያለ፣ የራሷ ብር ስላላት ባሏን ሳትጠይቅ ወተት የምትገዛ። ትምህርቷ የጠቀማት ሬዲዮ የሚለውን ስለሰማች ብቻ አይደለም። ደግሞ በሀብት ሲለይ በጣም ድሃ የሚባሉት ጋ 45፣ ከላይ ያሉት ጋ 26 በመቶ ነው፣ ሀብታሙም ጋ አለ'ኮ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እዛ ጥናት ላይ ሀብት የሚለካው በቤቱ ወለል፣ በመብራቱ፣ በውሃው፣ ባለው እቃ ምናምን ስለሆነ፣ ከላይ ያለው አንድ አምስተኛ ውስጥ ወር በወር ኪራይ የሚያስጨንቀው የከተማ ሰው በብዛት አለበት።

ሁለተኛው ክርክራቸው ጎጃም ነው። ጤፍና በቆሎ በሚታፈስበት አገር ልጅ ለምን ይቀነጭራል፣ እውቀት ስለጠፋ አይደል? ክልላችን አማራ በዛ ጥናት በመቀንጨር 46 በመቶ ሆኖ ከሁሉም ክልል በላይ ነበር፣ ይሄ ሁላችንንም ሊያስደነግጠን ይገባል። ግን ያመረተ ሁሉ በላ ማለት አይደለም፣ ጤፉ ለማዳበሪያ እዳ፣ ለግብር፣ ለሰርግና ለተዝካር ይሸጣል፣ ቅቤውም ገበያ ይወጣል። የቀረው እህል ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። ያቺው እናት እርጉዝ ሆና ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ አጨዳ ላይ ትውላለች፣ ማዕድ ላይም መጨረሻ የምትበላው እሷ ነች፣ ልጁ እንግዲህ ገና ሆዷ ውስጥ እያለ ነው ማነስ የሚጀምረው።

አንባቢ ይሄ ለምን ይሄን ያህል ያስጮሃታል ሊል ይችላል፣ አጭር ቢሆን ምናለበት፣ በአባቱ ወጥቶ ነው እየተባለ ስለሚታለፍ። ቁመቱ ምልክት ነው እንጂ በሽታው እሱ አይደለም። ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው ጭንቅላቱ የአዋቂውን መጠን 80 በመቶ ያህል ደርሷል፣ ያ ሁሉ እድገት ብረት፣ አዮዲን፣ ፕሮቲን፣ ቅባት ይፈልጋል። እዛው ጥናት ላይ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ልጆች 57 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ደም ያነሰው ልጅ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ የእናቱ ጭን ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ እስክሪብቶዬን ለመንጠቅ አይታገልም፣ ስቴቶስኮፑን ለመጎተት እጁን አይዘረጋም፣ እናቱም ደስ ብሏት «ልጄ ጨዋ ነው አያስቸግረኝም» ትላለች። ሌላው ልጅ እየነካ እየጣለ እየሰበረ በሚማርበት እድሜ እሱ አቅም የለውም። ላዩ ላይ ተቅማጥ ይመላለስበታል ምክንያቱም ውሃው የምንጭ ነው፣ ማጀቱ ጭስ ስለሆነ ሳልና የሳንባ ምች አይለቀውም፣ እያንዳንዱ በሽታ ደግሞ ካለችው ትንሽ ላይ ይወስድበታል። ከዛ ሰባት ዓመት ሲሞላው አንደኛ ክፍል ይገባና መምህሩ ትምህርት አይገባውም ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው የአፍሪካ ህብረት የረሃብ ዋጋ ጥናት ሀገራችን በህፃናት የምግብ እጥረት ምክንያት በዓመት ከጠቅላላ ምርቷ 16.5 በመቶ እንደምታጣ፣ በስራ ዕድሜ ላይ ካለው ህዝብም 67 በመቶው ልጅ እያለ የቀነጨረ እንደሆነ ነበር ያስቀመጠው።

ጡት ማጥባቱንም እንየው። ስድስት ወር ጡት ብቻ እንላለን፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው፣ ማለትም ሶስት ወር። ይሄ እንኳን ለተቀጠረችው ነው። ህንፃ ስራ ላይ አሸዋ የምታመላልሰው፣ ሰው ቤት ልብስ አጥባ የምታድረው ወልዳ በሳምንታት ውስጥ ነው የምትመለሰው፣ ካልሰራች የዛን ቀን እራት የለማ። ህፃኑን ለሰባት ለስምንት ዓመት እህቱ ትታ ትሄዳለች፣ እህትየው ሲያለቅስባት ስኳር በውሃ በጡጦ ትሰጠዋለች፣ እኔ ጋ ተቅማጥ ይዞት ይመጣል፣ እኛም እናቱን ለምን ጡጦ ሰጠሽው ብለን እንቆጣታለን። ስንቆጣት አንገቷን ደፍታ ነው የምትሰማው፣ አንድም ቀን መልሳ ስራ ነበርኩ ያለችኝ የለችም።

እርግጥ በማወቅ የሚስተካከል ነገር አለ፣ አልክድም። ለምሳሌ በፆም ጊዜ፣ ህፃን ልጅ ፆም እንደሌለበት ቤተክርስቲያን የምታስተምረው ቢሆንም ብዙ ቤት ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ ለልጁም የፍስክ ነገር አይሰራም፣ እዚህ ላይ ካህናቱ ሲናገሩ ከኛ ይበልጥ ይሰማሉ። የመጀመሪያውን እንገር ማፍሰስም ያለበት ቦታ አለ። እነዚህን እናስተምር። ግን የምታውቀውን እናት መልሶ መላልሶ ማስተማር ምን ይባላል?

ህክምናው ራሱ የሚያየው የከሳውን ነው። ክንዱን ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ቀለም ባላት ሜትር እንለካለን፣ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ፕላምፒ ነት የሚባለው በፓኬት ያለ የለውዝ ምግብ ይሰጠዋል፣ እሰየው፣ ብዙ ህይወት አድኗል፣ ያን ሳይ በስራዬ ደስ ይለኛል። ግን የቀነጨረው ልጅ ክንዱ አረንጓዴው ላይ ስለሚያርፍ ደህና ነው ተብሎ ይሄዳል፣ ቁመት መለኪያ ሰሌዳውን ወረፋ በበዛበት ቀን የሚያወጣው የለም። የዳነውም ቢሆን ወደዛው ቤት ነው የሚመለሰው፣ አንዳንዱ ከወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። እናትየው ፓኬቱን ለሶስቱም ልጆች ስታካፍል አግኝተናት ስንወቅሳት፣ ሌሎቹ እያዩ እንዴት ለአንዱ ብቻ ትላለች፣ እናት ነቻ።

መንግስት አልሰራም እያልኩ አይደለም። ሐምሌ 2007 ዓ.ም የሰቆጣ ቃልኪዳን ሲታወጅ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ መቀንጨርን እናጠፋለን ሲባል በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ በዋግ ምድር ስም መሆኑም ልክ ነው፣ በ77ቱ ረሃብ ስንት ሰው ያለቀበት አገር ነው። ከዛ ጦርነት መጣ፣ ጤና ኬላው ተዘረፈ፣ ባለሙያው ተፈናቀለ፣ አሁን 2030 ደጃችን ነው። የትምህርት ቤት ምገባም ጥሩ ነገር ነው፣ በርቱ ነው የምለው፣ ግን ልጁ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲደርስ ያ ሺህ ቀን፣ ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ያለው፣ አልፏል። ለድሃ ቤተሰብ በስራም ሆነ ያለ ስራ ብር ወይም እህል የሚሰጠው ሴፍቲኔትም ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቤተሰቡ የሚቸገርበትን ወር እንዳሳጠረ ነው የሚያሳዩት፣ መቀንጨር ላይ ግን ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ስለዚህ ብር ብቻ ይበቃል አልልም፣ ብሩ ትንሽ ነው፣ ይዘገያል፣ ለሁሉም ቤተሰብ ይከፋፈላል፣ ውሃው ደግሞ ያው የምንጭ ውሃ ነው።

ሌላ አገር የተሞከረ ነገር አለ። ኢኳዶር ውስጥ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ለሆናቸው ህፃናት በቀን አንድ እንቁላል ለስድስት ወር ሰጥተዋቸው መቀንጨር 47 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ማላዊ ላይ ሲደገም ያን ያህል ለውጥ አልመጣም፣ እዛ ልጆቹ ዓሳ በብዛት ይበሉ ነበር። የኛ ልጆች ግን ዓሳም የላቸውም፣ ስለዚህ ለኛ መሞከሩ ተገቢ ነው እላለሁ፣ ብቻ እንቁላሉ ለቤቱ ሳይሆን በቀጥታ ለህፃኑ የሚደርስበት መንገድ ይፈለግ። ነፍሰ ጡሯና አራሷ ሴፍቲኔት ውስጥ ካለች ከጉልበት ስራ ወጥታ ክፍያዋ በጊዜው ይድረሳት። የህንፃ ስራና የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለበት ቦታ ሁሉ እናት ገብታ የምታጠባበት የህፃናት ማቆያ ይኑር። ጤና ጣቢያ ላይ ክንድ ብቻ ሳይሆን ቁመት ይለካ፣ ለዛም ሰው ይመደብ።

ለናንተ ለጋዜጠኞቹ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስለ ህፃናት አመጋገብ በምትዘግቡበት ቀን የአንድ እንቁላልና የአንድ ሊትር ወተት ዋጋ፣ አጠገቡ ደግሞ የአንዲት የቀን ሰራተኛ የቀን ክፍያ አብሮ ይውጣ።

አክባሪያችሁ
ነርስ ነኝ፣ ከደቡብ ወሎ