ጥጥ ፈታዮቹን የት ጣላችኋቸው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ታሪኩን ከፋብሪካው ጀምራችሁ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ዘጋችሁት። ከዚያ በፊት ወሎ ራቁቱን ነበር እንዴ የሚሄደው?

በእኛ አካባቢ ጥጥ የትናንት ነገር አይደለም። ንጉሥ ኢዛና እንኳ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኖባ በሚባለው ሕዝብ ላይ ስለመዝመቱ ድንጋይ ላይ ሲያስጽፍ፣ ካጠፋው ንብረት መሀል ከእህሉ ጋር ጥጡንም ቆጥሮታል። እዚሁ ሰፈራችን ስንመጣ ደግሞ አርጎባዎቹ አሉ፤ ንግድና ሽመና ከጥንት ሙያቸው ነው። ከደሴ እስከ ከሚሴ ባለው አገር የሸማን ነገር የሚጽፍ ሰው እነሱን ዘሎ የት ይደርሳል?

ሸማኔው እንኳ ቢያንስ አዋጅ ወጥቶለታል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ ሲከለክሉ፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ማለትም ቀርቷል ተብሎ ተነግሯል (መቅረቱን እንጃ)። ፈታይዋን ግን ማንም አላነሳት፣ ሰዳቢም ጠባቂም የላትም። እናንተም ዘለላችኋት።

አያቴ ስትፈትል እያየሁ ነው ያደግሁት። ጥጡን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግታ በብረት ትዳምጠዋለች፣ ፍሬው እየዘለለ ይወጣል፣ እኛ ልጆቹ እየተሯሯጥን እንለቅማለን። ከዚያ በደጋን ትነድፈውና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፣ ክሩ እየቀጠነ ይወርዳል። ደግሞ ዝም ብሎ መፍተል አይደለም። ድር፣ ማለት በቁመት የሚወጠረው ክር፣ ከረር ማለት አለበት፣ ሸማኔው ወጥሮ ሲመታው እንዳይበጠስ። በአግድም የሚገባው ማጉ ላላ ይላል፣ ጋቢውን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ይህን ሁሉ በጣቷ ነው የምትለካው፣ ያውም ከጎረቤት ጋር እያወራች። ለአንድ ሸማኔ የሚበቃ ክር ለማቅረብ አንዲት ፈታይ አትበቃም። የሸማው ዋና ልፋት ሸማኔው ተቀምጦ በሚሠራበት ጉድጓድ ላይ ሳይሆን እንዝርቱ ላይ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ኋላ የፋብሪካ ክር መጣ። መጀመሪያ ድሩን ወሰደው፣ ጠንካራና እኩል ስለሆነ ሸማኔውም ወደደው፣ እኔም አልፈርድበትም። ቀጥሎ ማጉንም መውሰድ ጀመረ። ዛሬ ሱቅ ገብታችሁ «ፈትል ነው?» ብትሉ አዎ ይሏችኋል፣ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። የእጅ ፈትል ማጉ አንዱ ጋ ወፈር፣ አንዱ ጋ ቀጠን ይላል፤ ሁሉም ልክ ከሆነ የማሽን ነው። ጥበቡ ፖሊስተር ላይ የታተመውን ቀሚስማ ተዉት፣ እሱን ሽመና ብሎ መሸጥ ድፍረት ነው። ርካሽ ይሁን፣ የፈለገ ይግዛው፣ ግን ስሙን ይጥሩት። የእጅ ሥራ ብለው በሸጡት ቁጥር የፈታይዋን ዋጋ ነው የሚሰብሩት።

ደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። ያኔ የጠፋውን መተካት ከባድ ነው። እንዝርትና ደጋን፣ መዳመጫ ድንጋይና ብረት ግን ገና ከየቤቱ ይገኛል፣ የሚሰበስበው ሰው ጠፍቶ እንጂ። አጠቃቀሙን የሚያውቁት እናቶችም በሕይወት አሉ።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፤ አንድ ገጽ ለፈታዮቹ ስጡልኝ። ፎቶ አንሺያችሁን ይዛችሁ ሰኞ ገበያ ኑ፣ ክር የሚሸጡትን እናቶች ራሳቸውን አናግሩ፣ ነጋዴውን ሳይሆን። የአንድ ጋቢ ፈትል ስንት ቀን እንደሚፈጅና ስንት እንደሚከፈላቸው ጠይቋቸው፣ መልሱንም ሳትቆርጡ አውጡት። በጠዋት ድረሱ ታዲያ፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ ገጠሩ ይመለሳል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ